የእፀገነት ፎቶዎችና የዐርዋ ሁለተኛ ሠርግ

አሶሳ ውስጥ ከተዳረ፣ ከተመረቀ ወይም ልጁን ክርስትና ካስነሣ ሰው መካከል እፀገነት ታረቀኝ ያላነሣችው ብዙ አይገኝም። የእኔ የልብስ ስፌት ቤትና የእሷ ፎቶ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። እኔ እሰፋለሁ፤ የሰፋሁትን ለብሰው ሲመጡ እሷ ታነሣለች። የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ከግድግዳው ወዲያ ድምጿ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ ምነው እንዲህ ደነገጡ? ካሜራ ነው እኮ፣ መርፌ አይደለም!»

ሰውየው ይስቃል። እሷ ግን ሲስቅ አታነሣውም። ሣቁ አልቆ ፊቱ ሲረጋ ጠብቃ ነው ቀጭ የምታደርገው። «እውነተኛው ፊቱ ያኔ ነው የሚመጣው» ትለኛለች።

እፀገነት የተወለደችው ከአሶሳ ብዙ በማይርቅ የሰፈራ መንደር ነው። ወላጆቿ በድርቁ ዘመን ከወሎ በመንግሥት መኪና ተጭነው የመጡ ናቸው። እናቷ እማማ ሸዋሉል ካረፉ ቆይተዋል። አባቷ ጋሽ ታረቀኝ ግን ዛሬም በቆሎና ማሽላቸውን ያርሳሉ፣ ዛሬም ወሎዬነታቸው ከምላሳቸው አልወረደም። ልጅ ሳለች አንድ ቀን የአያቷን መልክ እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። ጋሽ ታረቀኝ ብዙ አሰቡና «ዓይኗን አልረሳሁትም። አፍንጫዋን ግን፣ ዲያ! ከእህቴ አፍንጫ ጋር እያምታታሁት ነው» አሏት። ከዚያ አገር ሲወጡ ፎቶ የሚባል ነገር ማንም አልያዘም ነበር።

ለዚህ ይመስለኛል እፀገነት ፎቶ መደምሰስ የማይሆንላት። ዓይኑን የጨፈነውንም፣ የደበዘዘውንም፣ ግማሽ ጭንቅላት የተቆረጠበትንም ታስቀምጣለች። መጀመሪያ በሲዲ፣ ቀጥሎ የብስኩት ጣሳ ሙሉ ፍላሾች ላይ፣ በኋላም ሁሉንም ሰብስባ የራሱ የመብራት ገመድ ባለው ትልቅ ሐርድ ዲስክ ውስጥ አጎረችው። ከሠርግና ከምርቃቱ ሌላ የመንጌ ወረዳ ሴቶች ወንዝ ዳር አፈር እያጠቡ ወርቅ ሲለቅሙ፣ የማንጎ ወቅት ሲደርስ መንገዱ ሁሉ ቢጫ ሲሆን፣ የእናቷ የእማማ ሸዋሉል የመጨረሻ ዓመታት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበር።

ባሏ ክንፈ የኮምፒውተር መምህር ነው። ያንን ዲስክ ባየ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል።

«እፁ፣ ይሄ ዕቃ ሟች ነው። ሳይሞት ወንድም አምጪለት። አንድ ቅጂ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።»

«እሺ፣ ይሄ የሠርግ ወቅት ይለፍ።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፤ አሁን እንጀራዬን ልብላበት» ትለውና ትስቃለች። የሠርጉ ወቅት ያልፋል፤ የምርቃቱ ይመጣል። የምርቃቱ ያልፋል፤ ጥምቀት ይመጣል።

ባለፈው ዓመት፣ ዓረፋ ካለፈ በኋላ፣ ዐርዋ ተዳረች። ዐርዋ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ሆና ትሠራለች። ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለለውን ቀይ ቶቧን ጥለቱን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ሠርጉ ያማረ ነበር። የቀርከሃ ዙምባራ የሚነፉት ሰዎች ከጠዋት ጀምረው ግቢውን ሲዞሩ ዋሉ፤ እያንዳንዱ አንዲት ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ ሲገጣጠም ግን መሬቱ ራሱ የሚዘፍን ይመስላል። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። ዐርዋን ያሳደጓት አያቷ፣ ከመንጌ ወዲያ የሚኖሩት እማማ ዓፊያ፣ አልመጡም። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሞልቶት የጫናቸው ሞተር ሳይክል ከመንገድ ተመለሰ።

በማግሥቱ እፀገነት ፎቶዎቹን ወደ ዲስኩ ስታዛውር ጠራችኝ።

«እትዬ የወርቅውሃ፣ ነይ ይሄን እዪ። ዐርዋ በሁሉም ላይ ዓይኗ ወዴት ነው?»

አየሁ። ኬክ ስትቆርስም፣ ሂናዋን ስታሳይም፣ ከባሏ ከናስር ጎን ስትቆምም፣ ዓይኗ ወደ ግቢው በር ነው።

ላፕቶፑ ሞልቶ ስለነበር ፎቶዎቹ ዲስኩ ላይ ብቻ ተቀመጡ። ቀጥሎ የተማሪዎች ምርቃት ነበረባትና የካሜራዋን ሚሞሪ አጸዳችና ሄደች። ምርቃቱን አንሥታ ተመልሳ የዐርዋን አልበም ልትመርጥ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። የአሶሳን የሰኔ መብረቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዴ ብልጭ ሲል መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ አምፖሉ እንደ ፀሐይ በርቶ ተመልሶ ጠፋ። የእኔ ካውያ ተቃጠለ። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ «ወይኔ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሮጬ ስገባ እፀገነት ጆሮዋን ዲስኩ ላይ አስጠግታ ነበር። ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይወጣል። ላፕቶፑ ላይ ምንም የለም።

ክንፈ ሌላ ገመድ ሞከረ፣ ሌላ ኮምፒውተር ሞከረ። ከዚያ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ለሚሠራ ባለሙያ ላከው። ባለሙያው ከፍቶ አይቶ ደወለ፤ «ውስጡ ተፍቋል፤ ተስፋ አትስጧት» አለ። ክንፈ «ብዬሽ ነበር» አላለም። ይሄን ለክብሩ እመሰክርለታለሁ። የካሜራውን ሚሞሪ ወሰደና የተደመሰሰ ፎቶ በሚፈልግ ፕሮግራም ይጎረጉር ጀመር። የምርቃቱ ፎቶዎች በላዩ ላይ ስለተጻፉ ከሠርጉ የተገኘው አንድ ብቻ ነው። እሱም የበግ ፎቶ ነበር። ከመታረዱ በፊት ግንድ ላይ ታስሮ፣ ቀና ብሎ ካሜራውን እያየ።

እፀገነት ሁለት ሦስት ቀን ፎቶ ቤቱን አልከፈተችም። ለሥራዋ ብቻ አልነበረም። እማማ ሸዋሉል በጎተራው አጠገብ ቆመው፣ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው የሚስቁባት ፎቶ እዚያው ነበረች። «አባቴ የእናቱን አፍንጫ ረሳ፤ እኔ ደግሞ የእናቴን ሣቅ በገዛ እጄ አጠፋሁት» አለችኝ። ሻይ አፍልቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ የፈራችው ቀን መጣ። «እትዬ፣ ዐርዋ ቤት አብረሽኝ ሂጂ። ብቻዬን እግሬ አይታዘዘኝም።»

ዐርዋ ግቢው ውስጥ የማንጎው ጥላ ሥር ልብስ ታሰጣ ነበር። ስታየን ፊቷ በራ። «አልበሙ ደረሰ?»

«ዐርዋ፣ ፎቶሽ ጠፋ» አለች እፀገነት፣ ሳትቀመጥ።

«የትኛው?»

«ሁሉም። ዲስኩ ተቃጠለ። አንዲትም አልተረፈችም። ማለቴ... በጉ አለ።»

«የቱ በግ?»

«የታረደው።»

ዐርዋ በእጇ የያዘችውን እርጥብ ልብስ ወደ ሳፋው መልሳ ጣለችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። እፀገነትም ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም ያው ከእነሱ አልተሻልኩም። ሦስታችንም እንደዚያ ቆመን ሳለን ዐርዋ ድንገት «በጉ?» አለች። «ከሁላችንም በጉ ተረፈ?» ከእንባዋ መካከል ሣቅ ፈነዳ። መሳቅ ከጀመረች ማቆም አቃታት፤ ማንጎው ግንድ ላይ ተደገፈች።

ናስር ጫጫታውን ሰምቶ ከቤት ወጣ። ዐርዋ ነገሩን ስትነግረው «ማሌሽ!» አለ። ግድ የለም ማለቱ ነው። «እኔ እንደሆነ ደግሜ ላገባት ዝግጁ ነኝ። ሐሳቧን ሳትለውጥ ቶሎ አድርጉት።»

እሱ ለቀልድ ነበር ያለው። ዐርዋ ግን ሣቋን አቆመችና እንባዋን በቶቧ ጫፍ ጠረገች። «አያቴ በየቀኑ ትደውላለች። ፎቶውን አምጡልኝ፣ ሙሽራዋን ልያት ትላለች። እፀገነት፣ ዝናቡ ሲያባራ አያቴን ላስመጣት። እንደገና እንልበስ። እንደገና አንሺን።»

«በእኔ ወጪ!» አለች እፀገነት።

«በማንም ወጪ ይሁን። በጉ ብቻ ነው የማይደገመው።»

ወሬው ሠፈሩን በአንድ ቀን አዳረሰው። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የዐርዋ ግቢ ከመጀመሪያው ሠርግ የበለጠ ሰው ሞላው። የመጀመሪያው ጊዜ የተጠራው መጣ፤ ያልተጠራውም ይሄ አያምልጠኝ ብሎ መጣ። የደበዘዘው ሂና ተደገመ። ናስር በመካከሉ ፀጉሩን ተላጭቶ ስለነበር ባርኔጣ እናድርግለት አናድርግለት ተብሎ ሴቶቹ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ «ያገባችው ፀጉሩን አይደለም» ተብሎ ተወሰነ። ዙምባራ ነፊዎቹም ማንም ሳይጠራቸው ቀርከሃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ደረሱ።

ረፋዱ ላይ የሞተር ሳይክል ድምፅ ተሰማ። እማማ ዓፊያ ከኋላ ተቀምጠው፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ፣ ቶባቸው ግን ንጹሕ ነጭ፣ በር ላይ ወረዱ። ዐርዋ ጌጧ እየተንሿሿ ሮጠች። ሁለቱ እዚያው በሩ ላይ ተቃቅፈው በበርትኛ የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ብሰማም አይገባኝም ነበር። እፀገነት ግን ቀድማ ደርሳ ካሜራዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ነበር።

አሮጊቷ ከጡታቸው ሥር ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ አወጡ። ውስጧ ወርቅ አለ፤ በወጣትነታቸው ወንዝ ዳር አፈር አጥበው ለቅመው ለዚህ ቀን ያኖሩት፣ እንደ ስንዴ ዱቄት የደቀቀ ወርቅ። ዐርዋ መዳፍ ላይ አድርገው ቀለበት ይሁንሽ አሏት። ከዚያ ወደ እፀገነት ዞሩ።

«አንተ ነው ፎቶ ያጠፋው?» አሏት፣ ሴቱን ወንድ በሚያደርግ ደስ የሚል አማርኛቸው።

እፀገነት አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ እናቴ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ለምን ይቅር? ጎበዝ ነህ! አንተ ባያጠፋ እኔ መቼ ፎቶ ውስጥ ይገባል? ሠርግ አለቀ ብሎኝ ነበር። እኔ መጣ፣ ሠርግም መጣ!»

ግቢው በእልልታ ተናጋ። ዙምባራው ተነሣ። አሮጊቷ ጭቃ እግራቸውን ሳይታጠቡ ክቡ ውስጥ ገቡና ጨፈሩ። እፀገነት አነሣች። ቀትር ላይ ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ሲወርድ ሙሽሮቹ፣ አያቲቱ፣ ነፊዎቹ፣ ሁላችንም ወደ ማንጎው ሥር ሮጥን። ዐርዋ ከአያቷ ጋር አንድ ቶብ ተጋርታ ቆማ፣ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውሃ አፍንጫዋ ላይ እያረፈ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሣቅ ሲስቁ የተነሡባት ፎቶ ዛሬ በእፀገነት ፎቶ ቤት ትልቁ ግድግዳ ላይ ናት። ዐርዋ ወደ በሩ የምታይባት አንዲት እንኳ የለችም።

ዝናቡ እስኪያባራ ክንፈ በእነዐርዋ ቤት ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀመጠና «የመጀመሪያውን ሠርግ በስልኩ ያነሣ ሰው ይምጣ» ብሎ ተጣራ። በአፍታ ውስጥ ሰልፍ ሆነ። አንዱ ኬኩን፣ አንዱ ጭፈራውን፣ አንዷ የራሷን ፊት ብቻ፣ ከኋላዋ ትንሽ ሙሽራ ያለችበት። ስልኩ ሞልቶ «ውሰድና አጥፋልኝ» ያለም ነበር። አንድ ሰው ደግሞ ስልኩን እያገላበጠ ሳለ «እፁ፣ ይቺ እኮ አንቺ የሰጠሽኝ ናት፣ የልጄ ምርቃት» አለ።

እፀገነት ስልኩን ከእጁ ወስዳ አየች። ከዚያ ክንፈን አየችው። ለካ ባለፉት ዓመታት ሁሉ ፎቶ ያስነሣ ሰው በፍላሽ፣ በሚሞሪ፣ በቴሌግራም ቅጂውን ወስዷል። የእሷ ተቃጥሎ ይሆናል፤ የሰዎቹ ግን በየቤቱ አለ።

ክንፈ እዚያው ተቀምጦ ለከተማው ሰው ቴሌግራም ላይ ጻፈ፦ «እፀገነት ያነሣችውን ያላችሁ ቅጂውን መልሱላት። ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል።»

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት ብታዩ! ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሰው አይጠፋም። አንዲት እናት ፍላሹን በመሐረብ ቋጥራ አመጣች። ከባምባሲ አንድ ነጋዴ ሲያልፍ ባጃጁን አቁሞ ሚሞሪውን ከስልኩ ነቅሎ ሰጣት። የተፋቱ ባልና ሚስት የሠርጋቸውን ፎቶ ለየብቻ ይዘው በአንድ ቀን መጡና በሩ ላይ ተገናኝተው ሻይ ሲጠጡ ዋሉ፤ ከዚያ ያለፈውን አላውቅም። ሁሉም አልተመለሰም። አንዳንዱም ተጨማድዶና አንሶ ነው የመጣው። ግን መጣ።

ጋሽ ታረቀኝ የመጡት በገበያ ቀን ነው፤ እኔ ደንበኛ ይዤ ስለነበር መጀመሪያውን በኋላ ነው የነገሩኝ። ፍላሹን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። ልጃቸው የደረሰባትን በስልክ ሰምተው የሰፈራ መንደሩን ቤት ለቤት ዞረዋል፤ በየደረሱበት «የልጄን ፎቶ ቅዱልኝ» እያሉ። ጠላ እንደመቅዳት ነው የሚያወሩት።

«እንዲህ ያለ መከር ሰብስቤ አላውቅም» አሉና ፍላሹን ሳያወልቁ ጎንበስ ብለው ላፕቶፑ ላይ ሊሰኩት ሞከሩ። እፀገነት እየሳቀች ከአንገታቸው አወጣችው።

ክንፈ ከፈተው። የመንደሩ መስቀል፣ የመንደሩ ሠርግ፣ የበሬ ሽያጭ፣ የእድር ስብሰባ እያለፈ ሄደ። ድንገት እፀገነት የክንፈን እጅ ያዘች። እማማ ሸዋሉል በጎተራው አጠገብ ቆመው፣ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ።

ጋሽ ታረቀኝ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። «ደባልቄ ስልክ ውስጥ ነው የተገኘችው» አሉ ቀስ ብለው። ደባልቄ ጎረቤታቸው ነው። «ጎተራውን እሱ ነው የሠራልን። ሥራውን ለሰው ለማሳየት አስቀምጧት ኖሯል።» ከዚያም «ዲያ! ይቺ ሴትዮ! ጥርሷን መሸፈኗን መቼም አትተውም» ብለው ሣቁ። እፀገነት አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ግድግዳ የሚያናጋ ሣቅና ልቅሶ በአንድ ላይ ሰማሁ፤ እኔም ደንበኛዬን ትቼ ገብቼ ተቀላቀልኩ።

አሁን እፀገነት ሌላ ሰው ናት። ፎቶ ሁሉ በሦስት ቦታ ይቀመጣል። አንዱ ዲስክ ፎቶ ቤት፣ አንዱ እቤቷ ነው። ሦስተኛው ባምባሲ እህቷ ፍሬሕይወት ዘንድ፣ እርጥበት እንዳይገባው ክዳኑ በሚጠብቅ ላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን በሚገኙት እርጥበት የሚመጡ ትንንሽ ከረጢቶች ተከቦ ተቀምጧል። ሥራ ሲቀንስ ሚኒባስ ተሳፍራ ትሄዳለች፤ አዲሱን ዲስክ ትሰጣለች፣ አሮጌውን ይዛ ትመለሳለች፤ የእህቷን ምሳ በልታ፣ አዲሶቹን ፎቶዎች ለጎረቤት ሁሉ አሳይታ። ኔትወርክ ደህና በሚሆንበት ጊዜም የተመረጡትን ኢንተርኔት ላይ ትጭናለች። ሰማዩ ሲጠቁር መብራት ሳይጠፋ ገመዱን ትነቅላለች። መደምሰስም ተምራለች፤ ግማሽ ጭንቅላት የተቆረጠበትን አሁን ያለ ርኅራኄ ታጠፋዋለች። የበጉን ግን አላጠፋችም። ዐርዋም አልበሟ ውስጥ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲገባ አዝዛለች።

ዝናቡ አልቆ መንገዱ ሲደርቅ እፀገነት፣ ዐርዋና እኔ መንጌ ወረድን። በማንጎው ሥር የተነሣችውን ፎቶ አሳትመን፣ ፍሬም አስገብተን፣ ለእማማ ዓፊያ ልንሰጥ። አሮጊቷ የቀርከሃ ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ፍሬሙን ጭናቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ጣታቸውን የዐርዋ ፊት ላይ አሳለፉ፤ ቀጥሎ የራሳቸው ላይ። «ማሻአላህ» አሉ። ጎረቤት ጠርተው አሳዩ፤ ጎረቤቱም ጎረቤት ጠራ።

ከዚያ ፊታቸውን አኮማተሩና እፀገነትን ጠሯት።

«አንተ ልጅ፣ ዐርዋ ቆንጆ ነው። እኔ ግን እዚህ ጭቃ እግር አለው።»

«በጣም ነው እኮ የሚያምረው እናቴ።»

«አይ። ሌላ አንሣ። ታጥቤ ይመጣል።»

እፀገነት ካሜራዋን ከቦርሳዋ አወጣች። እማማ ዓፊያ ወደ ቤት ገቡ፤ እኛ ከደጅ ሆነን የውሃውን ድምፅ፣ ከዚያም ሳጥን ሲከፈት እየሰማን ጠበቅን። ሲወጡ ቀይ ቶብ ለብሰዋል፣ እግራቸው በቅባት ያበራል። ወንበሩን ወደ ፀሐዩ እንድናዞርላቸው አዘዙን።